ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ ኮምፒውተሩ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ «ሁለት ኮምፒውተር እጠቀማለሁ። አንዱ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው። በከፈትኩት ቁጥር ‹የሲስተም ፕሮግራም ችግር ተገኝቷል፤ አሁን ሪፖርት ማድረግ ይፈልጋሉ?› የሚል ሳጥን ያመጣብኛል። የቱ ፕሮግራም እንደተበላሸ ግን አይናገርም። ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው፤ እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ። እየሠራሁበት ያለው ፕሮግራም ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ አንድም ቃል የለም። ትክክለኛው የቱ ነው? ኦፕሬቲንግ ሲስተም እያንዳንዱን ክራሽ ለተጠቃሚው መንገር የለበትም? የምጠይቀው ለራሴ ብቻ አይደለም። የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፤ ሲወድቅ ምን ማለት እንዳለበት ቸግሮኛል።»

ምላሽ፦ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። እያንዳንዱ ክራሽ፣ ማለትም እያንዳንዱ የፕሮግራም ድንገተኛ ውድቀት፣ ይነገር የሚለውም አያዋጣም። ማሳወቂያ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ስለሞተ አይደለም፤ ሰው አንድ ነገር ስላጣ ነው። ተጠቃሚው ያጣው ነገር ካለ ወይም ሊያደርግ የሚችለው ነገር ካለ ይነገረው። ሁለቱም ከሌሉ ሎግ ላይ (ሲስተሙ የሆነውን በሚመዘግብበት ፋይል) ይጻፍና ይለፍ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ላርም። የኡቡንቱው ሳጥን የሚያወራው ስለ አሁን አይደለም። ኡቡንቱ ላይ አፖርት የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ክራሽ ሲያደርግ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ጉዳዩን ለአፖርት ያስተላልፋል፤ አፖርትም ሪፖርት ጽፎ ቫር ውስጥ ባለው ክራሽ የሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። በኋላ ገብተው ዴስክቶፑ ሲከፈት ሌላ ፕሮግራም ፎልደሩን ያይና ሳጥኑን ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያዩት ማስጠንቀቂያ ትናንት ማታ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ስለሞተ፣ እርስዎም ሰምተውት ስለማያውቁት ፕሮሰስ ሊሆን ይችላል። ምንም አላጡም። ምንም የሚያደርጉትም የለም። ሳጥኑ ግን መጣ። ይባስ ብሎ የሲስተም ሪፖርት ለመላክ እሺ ሲሉት የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ካልጠሩት ሳጥን ላይ ፓስወርድ መጻፍ ማንም ሰው ሊለምደው የማይገባ ነገር ነው።

ዊንዶውስ ደግሞ ዝም አለ እንጂ አላወቀም ማለት አይደለም። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ ሎግ ማንበቢያ ውስጥ የአፕሊኬሽን ሎጉን ከፍተው ቁጥር 1000 የሚለውን ኢቨንት ይፈልጉ። የወደቀው ፕሮግራም ስም፣ ስህተቱ የተፈጠረበት ሞጁል (የፕሮግራሙ ክፍል)፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተጽፏል። ሎግ ማንበብ የሚያሰለቸው ሰው ሪላያቢሊቲ ሞኒተርን ይክፈት፤ ቀን በቀን እየከፋፈለ ክራሽ በተፈጠረበት ቀን ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል። ብዙ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ይሄ ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አብሮት ያለ መሣሪያ ነው። መረጃው አለ፤ የተቀመጠው ግን ማንም በማይሄድበት ጓዳ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድርግም ብሎ የጠፋ ፕሮግራም ሁሉ ክራሽ አድርጎ አይደለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ክራሽ ነው የሚለው ፕሮሰሱ የማይፈቀድለትን ነገር ሲያደርግ ነው። ዋናው ምሳሌ የራሱ ያልሆነ የሚሞሪ ክፍል መንካት ነው። ሊኑክስ ይህን በሲግናል ቁጥር 11 ይገልጸዋል፤ ዊንዶውስ ሲ0000005 በሚል ኮድ። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች ያልጠበቁት ስህተት ሲገጥማቸው ራሳቸው ኮዱ ውስጥ «ውጣ» ብለው በሥርዓት ይዘጋሉ። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያ ተጠቃሚው ራሱ ከዘጋው ጋር አንድ ነው። ምን ብሎ ያሳውቅ?

ከዚህም የባሰ አለ። ሚሞሪ ሲሞላ ሲስተሙ ራሱ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ይህን ሥራ ሲስተምዲ ኦኦኤምዲ ለሚባል ፕሮግራም ሰጠው፤ ብዙ ታብ የከፈቱ ሰዎችም ብራውዘራቸው ከነታቦቹ ሲሰወር እያዩ ግራ ተጋቡ። እንዲህ በግድ የተገደለ ፕሮግራም ለአፖርት የሚተርፍ ነገር የለውም። አስቡት፦ ሥራ ላይ የነበረ ብራውዘር በሲስተሙ ውሳኔ ሲሞት ጭጭ ሊባል ይችላል፤ ማንም የማያውቀው ፕሮሰስ ሲሞት ግን ሳጥን። ለዚህ ነው «ይነገር ወይስ አይነገር» የሚለው ጥያቄ መነሻው ላይ የሚሳሳተው። የሚለየው የአሟሟቱ ዓይነት ሳይሆን የደረሰው ጉዳት ነው።

አነጋገሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 95ን የተጠቀመ ሰው «ይህ ፕሮግራም ሕገወጥ ተግባር ስለፈጸመ ይዘጋል» የሚለውን መልዕክት አይረሳውም። ለፕሮግራመር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የማይቀበለው ትዕዛዝ ተሰጠ ማለት ነው። ለተራ ተጠቃሚ ግን የሆነ ወንጀል ውስጥ የገባ ያህል ነበር። «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ የደነገጠው ብዙ ነው። ቀጥሎ በፈረንጆቹ 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ መጣና ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፤ «ሪፖርት ይላክ ወይስ አይላክ?» የሚሉ ሁለት ቁልፎችም ጨመረ። ሪፖርቱ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ማይክሮሶፍት በ2002 እንደገለጸው ከስህተቶቹ 20 በመቶ ያህሉ የ80 በመቶው ክራሽ ምንጭ ነበሩ፤ 1 በመቶው ብቻ ደግሞ የግማሹን ያህል። ማለትም ጥቂት ቀዳዳ ቢደፈን ብዙ ሰው ያርፋል፤ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በሪፖርት ነው።

ጊዜው ነበር ስህተቱ። ሰውዬው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ጠፍቶበት ራሱን ይዞ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፎርም ሙላልኝ ይለዋል። ማንም ቢሆን ማወቅ የሚፈልገው ጽሑፉ አለ ወይስ የለም ነው። ይህንን ሳይመልሱ ስለ ሪፖርት መጠየቅ ተጠቃሚውን አንድ ነገር ብቻ ያስተምረዋል፤ ሳያነቡ መዝጋትን።

ከሦስቱ ለሰው የሚቀርበው የማክ አካሄድ ይመስለኛል። «ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ተዘግቷል» ይልና እለፈው፣ ሪፖርት አድርግ፣ መልሰህ ክፈት የሚሉ ምርጫዎች ይሰጣል። ስሙ አለ፤ ቀጣዩ እርምጃ አለ። ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ደግሞ ማክ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ሥራን በራሳቸው እያስቀመጡ፣ ሲከፈቱም ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከሳጥኑ ይልቅ የጠቀመው ይሄ ነው። ጉድለቱ ሳጥኑ ስለ ፋይልዎ አለመናገሩ ነው። ግን እንዴት ይናገር? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው ፕሮግራም እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ መስኮቱ ከፊት እንደነበር ያውቃል። ውስጡ ያልተቀመጠ ደብዳቤ ይኑር አይኑር ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን እንደ እርስዎ ያለ ፕሮግራመር ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። ከተጠቃሚው ፊት የነበረ ፕሮግራም ከሞተ ሁልጊዜ ይነገር፤ ያኔውኑ፣ በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ። ሰው በሚያውቀው ስም ይነገር እንጂ በፕሮሰሱ ስም አይሁን። መልሶ መክፈቻ ቁልፍ ይኑረው። ስክሪኑን አይሸፍን። ከሁሉም በላይ ኪቦርዱን አይቀማ። ሰው ሌላ መስኮት ላይ እየጻፈ ሳለ ሳጥን ከፊቱ ብቅ ቢል፣ ለራሱ ጽሑፍ የተጫነው ኢንተር ሳጥኑን ይዘጋዋል። ምን እንዳለም ሳያየው ይጠፋል። ምናልባትም «ላክ» የሚለውን ተጭኖ ይሆናል። በሙሉ ስክሪን ገለጻ እያቀረበ ያለ ሰውም ቢሆን የቀረበው ነገር እስኪያልቅ ይጠበቅ፤ የሞተው ገለጻው ራሱ ካልሆነ በቀር።

ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ከሞተ ሲስተሙ መልሶ ያስነሳውና ዝም ይበል። ይህ ዛሬም አለ፤ ዊንዶውስ ላይ የሰርቪሶች ማስተካከያ ውስጥ፣ ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ በሚባለው የሰርቪሶች አስተዳዳሪ ውስጥ። ሲስተምዲ እንደገና እንዲያስነሳ የታዘዘውን ሰርቪስ እየደጋገመ ሲሞክር ቆይቶ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ሲሆንበት ይተወዋል። ዝምታው የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው። ሲነገርም የሰርቪሱ ስም ሳይሆን የቀረው አገልግሎት ይጠራ፤ «ድምፅ አይሠራም»፣ «ማተም አይቻልም»። ባካፕና አንቲቫይረስ ከዚህ ይለያሉ። እነሱ ሞተው ካልተነሱ ሰውዬው የሚያጣው ነገር ዛሬ አይታየውም። ባካፕ አለኝ ብሎ ሳምንታት ይቀመጣል። ስለዚህ እነዚህ ሲቆሙ ሳይውል ሳያድር መናገር ግድ ነው።

ያው ፕሮግራም በተደጋጋሚ ሲወድቅ ያንኑ መልዕክት መደጋገም ዋጋ የለውም። በሦስተኛው ላይ አነጋገሩ ይቀየር፦ ያለ ተጨማሪ ኤክስቴንሽን ልክፈተው? አፕዴት አለው፣ ይጫን? የመጨረሻውን ፋይል ሳልከፍት ላስነሳው? የመጨረሻዋ በጣም አስፈላጊ ናት። የሚያወድቀው ፋይሉ ራሱ ከሆነ፣ «ካቆሙበት እንቀጥል» ባለ ቁጥር ፕሮግራሙ ያንኑ ፋይል ከፍቶ ያንኑ ሞት ይሞታል።

ስታክ ማድረግ ከክራሽ ጋር ሊቀላቀል አይገባም። ዊንዶውስ አንድ መስኮት ለ5 ሰከንድ ያህል ለሲስተሙ መልስ ካልሰጠ ይደበዝዝና ርዕሱ ላይ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚል ይጨምርበታል። ብዙ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ደግሞ ልጠብቅ ወይስ በግድ ልዝጋው ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ውሳኔው በእርግጥ የሰው ነውና። ችግሩ የቆመው ፕሮግራም ሞቶ ይሁን ትልቅ ፋይል እያስቀመጠ፣ ሲስተሙ መለየት አለመቻሉ ነው። ሴቭ በማድረግ ላይ ያለን ፕሮግራም በግድ መዝጋት ፋይሉን ሊያበላሸው ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። ለእርስዎ ለፕሮግራመሩ ደግሞ፦ የዓመቱን ሪፖርት የሚደምረውን ሥራ መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ አይጫኑት። ደህናው ፕሮግራምዎ የሞተ ይመስላል፤ ሰውም ይገድልብዎታል።

ሲስተሙ ራሱ ሲወድቅ የሚታየውን ስክሪን ብዙ ማውራት አልፈልግም። የዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) በ2012 ያዘነ ፊት፣ በ2016 ኪውአር ኮድ ተጨመረለት፤ በ2025 ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁር ሆነ። ሊኑክስም በ2024 የራሱን ስክሪን አገኘ። ቀለሙ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ባወጣው አንድ የተበላሸ አፕዴት ምክንያት ማይክሮሶፍት ወደ 8.5 ሚሊዮን የገመታቸው ኮምፒውተሮች ወደቁ። ከፊታቸው ለተቀመጠው ተጠቃሚ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ የሚፈይደው አልነበረም፤ የሚፈይደው ለቴክኒሻን ነበር። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሁለት ደረጃ ነው። በወደቀበት ቅጽበት ለቴክኒሻን የሚሆን አጭር ኮድ፤ ተነስቶ ሲገባ ለባለቤቱ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ኮምፒውተሩ በችግር ምክንያት ራሱን አጥፍቶ ተነስቷል» የሚል። ሰው ካልተነገረው ሌላ ሰው የነካበት ወይም መብራት የጠፋ ይመስለዋል።

አሁን ሁለት ጥንቃቄዎች። የክራሽ ሪፖርት ውስጥ የሚሞሪ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ሚሞሪ ውስጥ ደግሞ በዚያ ሰዓት የነበረ ሁሉ አለ፤ የተጻፈው ደብዳቤ፣ የደንበኛ ስም፣ አንዳንዴም ፓስወርድ። የጀርመኑ ዴር ሽፒግል በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ከዊንዶውስ የሚላኩ የክራሽ ሪፖርቶችን በመንገድ ላይ እየጠለፈ ስለ ኮምፒውተሮቹ መረጃ ይሰበስብ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው። ግን በወደቀበት ደቂቃ አይደለም። ሲስተሙ ሲጫን አንዴ፣ በእርጋታ፣ ምን እንደሚላክ አሳይቶ ይጠየቅ፤ በኋላም መቀየር ይቻል። ዜናውና ፈቃዱ አንድ ሳጥን ውስጥ አይግቡ።

ሁለተኛው የውሸት ክራሽ ነው። ብራውዘሩን ሙሉ ስክሪን አድርጎ፣ እየጮኸ፣ «ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ገጽ አይተው ይሆናል። ትክክለኛ የሲስተም የክራሽ መልዕክት ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ደውሉ አይልም። አይጮህም። የእውነተኞቹ ሳጥኖች ጩኸት በበዛ ቁጥር ሰው የውሸቱን ለመለየት ይቸገራል። ማሳወቂያ ጭምት ይሁን የምልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ወደ ሂሳብ መዝገቡ እንምጣ። ያልታወቀ ስህተት ሲመጣ ይዘው፣ «ችግር ተፈጥሯል፣ እሺ» ብለው ፕሮግራሙ እንዲቀጥል አያድርጉ። ሚሞሪው ከተበላሸ በኋላ የሚቀጥል ፕሮግራም የተበላሸ ቁጥር ወደ ደህናው ፋይል ሊጽፍ ይችላል። ለሂሳብ ከክራሽ የከፋ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ይሙት። ግን ከመሞቱ በፊት ተዘጋጁ፦ ተጠቃሚው የሚጽፈውን በየጥቂት ሰከንዱ ለብቻው ረቂቅ ፋይል ላይ ያስቀምጡ። ዋናውን ፋይል ሲያስቀምጡ በላዩ ላይ አይጻፉ፤ አዲስ ፋይል ጽፈው ሲያልቅ ስሙን ይቀይሩ፤ መሃል ላይ ቢወድቅ አሮጌው ደህና ይተርፋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ትንሽ ምልክት ፋይል ይፍጠር፣ በሰላም ሲዘጋ ይደምስስ። በሚቀጥለው ሲከፈት ምልክቱ ካለ ባለፈው በሰላም አልተዘጋም ማለት ነው። ድንገት የተነቀለ ኤሌክትሪክም፣ በሲስተሙ የተገደለም፣ ሁሉም በዚህች ዘዴ ይያዛል።

ያኔ የሚሉት ይህን ነው፦ «የሂሳብ መዝገቡ ባለፈው ጊዜ በድንገት ተዘግቶ ነበር። ከመዘጋቱ እስከ 10 ሰከንድ በፊት የጻፉት ተቀምጧል። የመጨረሻውን መስመር ያረጋግጡ።» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፦ ረቂቁን ክፈት፣ ባለፈው ያስቀመጥኩትን ክፈት። በጥግ በኩል በስልክ ሊነበብ የሚችል አጭር የስህተት ቁጥር። የተቀመጠ ነገር ከሌለም ሳይሸፋፍኑ የለም ይበሉት። «ሥራዎ ሊጠፋ ይችላል» የሚለው አነጋገር ሰውን ግማሽ ሰዓት ሲፈልግ ያቆየዋል፤ ጠፍቶ ከሆነ ጠፍቷል ይባል።

ላሉዎት ሁለት ኮምፒውተሮች ደግሞ፦ ኡቡንቱው ላይ የክራሽ ፎልደሩን ከፍተው የፋይሎቹን ስም ያንብቡ። አንድ ስም እየተደጋገመ በአዲስ ቀን የሚመጣ ከሆነ ያንን ፕሮግራም አፕዴት ያድርጉ፤ ካልተስተካከለ ሪፖርቱን ይላኩ። የቆዩ ብቻ ከሆኑ ይሰርዟቸው፤ ሳጥኑም ይተውዎታል። አፖርትን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዊንዶውሱ ላይ ሪላያቢሊቲ ሞኒተርን ይክፈቱና ፕሮግራሙ የጠፋበትን ሰዓት ያመሳክሩ። ሁልጊዜ አንድ ፕሮግራም ከሆነ ጣጣው የሱ ነው። የማይገናኙ ፕሮግራሞች በዚያው ሲ0000005 እየተፈራረቁ የሚወድቁ ከሆነ ራሙን ይጠርጥሩ፤ የዊንዶውስ የራሱ የሚሞሪ መመርመሪያ ስላለ እሱን አስነስተው ያስፈትሹት። በዚያ ሰዓት ምንም ካልተመዘገበ ፕሮግራሙ ራሱ ሳይወጣ አይቀርም፤ ያኔ ጥያቄውን ለሠሪው ያቅርቡ።